ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ዴላዬ 135 ከባለቤቱ ስትገዙ፦ ከስልኩ እስከ ቁልፉ

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ከፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ደወለልኝ። ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል። «አንድ ሽማግሌ ዴላዬ 135 ሊሸጡ ነው፣ የ1936 ነው ይላሉ፣ ልግዛው?» አለኝ። «ሳታይ እንዳትገዛ፣ አይተህም እንዳትቸኩል» አልኩት። ዴላዬ 135 የድሮ የፈረንሳይ መኪና ነው። ከዚያ ስልኩ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን። ያን ቀን ለእሱ ያስረዳሁትን ነው አሁን ዘርዘር አድርጌ የምጽፍላችሁ።

ሙያውን የለመድኩት ሶማሌ ተራ የጣሊያን መኪና እየፈታሁ ነው። አሁን ፓሪስ አጠገብ የድሮ መኪና የሚታደስበት ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ስለዚህ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራፋንጎ ስል የጋራዥ ልጆች ወዲያው ይገባችኋል። ለሌሎቻችሁ፦ ካምቢዮ የማርሽ ሣጥኑ ነው፣ ፍሪሲዮን በግራ እግር የሚረገጠው፣ ፓራፋንጎ ደግሞ ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ «ጦርነቱ» ስልም ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ነው።

መጀመሪያ የምትገዙትን ነገር እወቁት

ዴላዬን ኤሚል ዴላዬ በ1894 ቱር ከተማ ውስጥ አቋቋመው፤ በኋላ ፋብሪካው ወደ ፓሪስ ገባ። ለብዙ ዓመታት የሚታወቀው በጥንካሬ እንጂ በውበት አልነበረም። የጭነት መኪናና የእሳት አደጋ መኪናም ይሠራ ነበር። በ1935 ግን 135 መጣ። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ዣን ፍራንሷ ይባላል። ሞተሩ ባለ 6 ሲሊንደር ነው፤ መነሻውም የጭነት መኪና ሞተር ነው። ይህን ሰምታችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩ፣ ጥንካሬው የመጣው ከዚያው ነው። በ1937 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸንፏል፣ በ1939 ደግሞ ከሆችኪስ ጋር እኩል አንደኛ ወጥቷል። በ1938 ሻቦና ትሬሙሌ የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፉት በዚሁ በ135 ነው።

አሁን የነገሩ ቁልፍ። ፋብሪካው ለገዢው የሚሰጠው ሻንሲውን፣ ማለትም ሁሉን የሚሸከመውን የብረት ፍሬም፣ ከነሞተሩና ከነካምቢዮው ነው። አካሉን፣ ማለትም ላሜራውን፣ በሩን፣ ወንበሩን፣ የሚሠራው ሌላ ቤት ነው። ጨርቁን ከሱቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ጋ እንደመውሰድ አድርጋችሁ አስቡት። ልብስ ሰፊዎቹም የታወቁ ነበሩ፦ ቡሎኝ ውስጥ ፊጎኒ ኤ ፋላስኪ፣ ሌቫሏ ውስጥ አንሪ ሻፕሮን፣ ከዚያ ደግሞ ሌቱርነር ኤ ማርሻን፣ ጊዮሬ፣ ላቡርዴት። ፊጎኒ ፓራፋንጎውን እንደ ውሃ ጠብታ አድርጎ ጎማውን ይሸፍነዋል። ሻፕሮን ቁጥብ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ እኔ በግሌ የእሱን እመርጣለሁ።

ስለዚህ አንድ ዴላዬ ስትገዙ ሁለት ነገር ነው የምትገዙት። ጥያቄያችሁም አንድ ነው፦ ይህ ሻንሲና ይህ አካል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ናቸው ወይ? የዋጋው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እውነተኛ የፊጎኒ ሥራ በጨረታ በሚሊዮን ዶላር ይሸጣል። ተራ አካል የነበረው ሻንሲ ላይ በቅርብ ዓመት የተሠራ የፊጎኒ አምሳያ ግን ሌላ ዋጋ ነው፣ ምንም ያህል ቢያምር። ሞተር ይሠራል፣ ቀለም ይቀባል። የጠፋ ታሪክ ግን በገንዘብ አይመለስም።

ስልክ ስትደውሉ

ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። መኪናው ከአባታቸው የወረሱት ሊሆን ይችላል። «ቦንዡር ሙሴ» ብላችሁ በአክብሮት ጀምሩ፣ ዋጋ ላይ አትዝለሉ። ስለ መኪናው ይንገሯችሁ፣ አዳምጡ። ከማን ገዙት? መቼ? መጨረሻ የተነዳው መቼ ነው? አካሉን የሠራው ማነው? ሞተሩ ወርዶ ያውቃል ወይ፣ ማን ሠራው? የሚነግሯችሁን ሁሉ ጻፉት፤ በኋላ ከወረቀቱ ጋር ታስተያዩታላችሁ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለምኑ። የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ አንደኛው ነው። ሁለተኛው፣ በቀጠሮው ቀን እናንተ ሳትደርሱ ሞተሩን እንዳያስነሱ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል።

ቁጥሩ እንደደረሳችሁ የዴላዬ ባለቤቶች ክለብ ፈረንሳይ ውስጥ ስላለ እዚያ ጠይቁ። የእነዚህን መኪናዎች ታሪክ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከታተሉ ሰዎች አሉ። አንድ ደብዳቤ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ወረቀቱ ከመኪናው በፊት

እኛ ሊብሬ የምንለውን ፈረንሳዮች ካርት ግሪዝ ይሉታል። በማን ስም ነው? የሚሸጡላችሁ ሰውዬ ስም ነው ወይስ የሞተ አባት ስም? ባለቤቱ ከሞቱ የወራሾቹ ሁሉ ስምምነት ያስፈልጋል፣ የኖተር፣ ማለትም የውል አዋዋይ፣ ወረቀትም አለው። አንዱ ወንድም ብቻ ፈርሞ የሸጠውን ብትገዙ ነገ ሌላው ይመጣባችኋል።

ካርት ግሪዙ ላይ የግብር ፈረስ ጉልበት ተጽፏል፤ ለግብር የሚሰላ ቁጥር ነው እንጂ የሞተሩ እውነተኛ ጉልበት አይደለም። ይህቺን ትንሽ ቁጥር አትለፏት። የመጀመሪያው 135 ሞተር 3227 ሲሲ ነው፣ 18 ፈረስ ተብሎ ይመዘገባል። በ1936 የመጣው 135 ኤም 3557 ሲሲ ነው፣ 20 ፈረስ። ወዳጄ ወረቀቱን ሲልክልኝ 18 ይላል፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ሞተር ግን ባለ 3 ካርቡራተር የኤም ሞተር ነው። ሽማግሌውን በትሕትና ጠየቃቸው። ትንሽ አሰቡና አባታቸው ከጦርነቱ በኋላ ሞተሩን እንደቀየሩት ትዝ አላቸው። ሰውዬው አልዋሹም፣ ረስተውት ነው። መኪናው በዚህ ምክንያት የሚጣል አይደለም። ግን ዋጋው የመጀመሪያ ሞተሩን የያዘ መኪና ዋጋ አይደለም።

ሌላው የዕድሜ ጉዳይ ነው። 135 ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተመርቶ እስከ 1954 ድረስ ቀጥሏል። ስለዚህ «ከጦርነቱ በፊት» የሚባል ሁሉ ከጦርነቱ በፊት አይደለም። የሻንሲ ቁጥሩን እዩ፦ የቀድሞዎቹ ባብዛኛው ባለ 5 አሃዝ ናቸው፣ ከጦርነቱ በኋላ ያሉት ደግሞ በ80 የሚጀምሩ ባለ 6 አሃዝ ናቸው።

ከዚህ በተረፈ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት የሚያሳየውን የመንግሥት ወረቀት ጠይቁ፤ በሽያጩ ቀን ከ15 ቀን በላይ የቆየ መሆን የለበትም። ካርት ግሪዙ የቅርስ መኪና ዓይነት ከሆነና መኪናው ከ1960 በፊት ወደ መንገድ የወጣ ከሆነ በየጊዜው የሚደረገው የመኪና ምርመራ፣ እኛ ቦሎ ለማግኘት የምናስመረምረው ዓይነት፣ አይጠየቅም። ይህ ማለት ግን ፍሬኑን ማንም አላየውም ማለት ነው። እናንተ ታዩታላችሁ።

መኪናው ጋ ስትደርሱ፦ እንጨቱ

ጠዋት ሂዱ፣ በብርሃን። የእጅ ባትሪ፣ ማግኔት፣ ትንሽ መስታወት፣ አሮጌ ልብስ ያዙ። ማግኔቷን በጨርቅ ጠቅልሏት፣ ቀለም እንዳትጭር።

ሰው ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር ያያል። እናንተ ከበሩ ጀምሩ። የእነዚህ መኪናዎች ላሜራ የተወጠረው በእንጨት አጽም ላይ ነው። እንጨቱ ከበሰበሰ መኪናው ቆሞ የሚታየው በቀለሙ ብቻ ነው። በሩን ግማሽ ያህል ክፈቱት። ጫፉን ከሥር በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሱት። ማጠፊያው ብቻ ካረጀ በሩ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ምሰሶው ግን ዝም ይላል። እንጨቱ ከሞተ ምሰሶውም አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዴ ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። እጃችሁን ምሰሶው ላይ አድርጋችሁ አንድ ሰው በሩን ያንሳላችሁ፤ በጆሯችሁ ያልሰማችሁትን በመዳፋችሁ ትሰሙታላችሁ።

ከዚያ ምንጣፉን አንሡ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ። የበሩን የውስጥ ሽፋን የሚያስፈቱ ከሆነ በጣም ጥሩ። ብዙ ጊዜ አካል ሠሪው ቤት የሥራ ቁጥሩን እንጨቱ ላይ ወይም ከሽፋኑ ጀርባ ይመታዋል ወይም በእርሳስ ይጽፈዋል። የበሩ ቁጥር፣ የኮፈኑ ማጠፊያ ቁጥር፣ የወንበሩ ሥር ቁጥር አንድ ከሆኑ ልባችሁ ይረፍ። ደፉ ላይ የምትለጠፈውን የአካል ሠሪውን ትንሽ ሰሌዳ ብቻ አይታችሁ እንዳታምኑ። ሰሌዳ በሁለት ብሎን ይገባል።

ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ ያማረ መኪና ጋራዣችን አመጣ። ቀለሙ መስታወት ነው። ሽፋኑን ስንፈታው ውስጡ አዲስ እንጨት ነው፣ አንድም የድሮ ሚስማር ቀዳዳ የለው። ሰውዬው የከፈለው የኦሪጅናል ዋጋ ነበር። ያን ቀን ፊቱን አይቼ የምለው ጠፋኝ። ሽፋኑን ከመክፈሉ በፊት አስፈትቶ ቢሆን ኖሮ አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት።

ማግኔቷን በፓራፋንጎው ጠርዝ፣ በበሩ ሥር፣ በመንኮራኩሩ ዙሪያ ያለ ጉልበት አሂዷት። በድንገት ከለቀቀች ሥሩ ወፍራም ስቱኮ ነው፣ ወይም አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ።

ደግሞ የተጎሳቆለ መኪናን አትናቁ። ለአሥርተ ዓመታት ጎተራና መጠለያ ሥር የበሰበሱ ወደ 60 የሚጠጉ መኪናዎች በ2015 ፓሪስ ውስጥ በጨረታ ሲሸጡ ዴላዬዎችም ነበሩባቸው። ከነአቧራቸው ሰው ተሻማባቸው። ያልተነካ መኪና እውነቱን አይደብቅም። በመጥፎ እጅ የታደሰውን ግን መጀመሪያ ማፍረስ አለባችሁ፣ ከዚያ እንደገና መሥራት።

ሞተሩ

እጃችሁን ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ላይ አድርጉ፣ መቀዝቀዙን አረጋግጡ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃው ዝገት ብቻ ከሆነ ይታጠባል። ዘይት ከተንሳፈፈበት ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሄዷል፣ ወይም ከዚያ የባሰ ስንጥቅ አለ። የዘይቱን መለኪያ አውጡ፤ እንደ ማኪያቶ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው።

ይነሣ። የመጀመሪያው ጭስ አያስደንግጣችሁ፣ የቆመ መኪና ያጨሳል። ሰማያዊው ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልተወ ዘይት ይበላል። ወሳኙ የዘይት ግፊት ነው፤ ቀዝቃዛ ሳለ ሁሉም ጥሩ ያሳያል። 20 ደቂቃ ከተነዳ በኋላ በዝቅተኛ ዙር መርፌዋ ወዴት እንደወረደች እዩ። ዜሮ አጠገብ ከተኛች የክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ማረፊያዎች አልቀዋል። እነዚህ እንደ ዛሬ መኪና ከሱቅ ተገዝተው የሚገቡ አይደሉም፤ ነጭ ብረት ቀልጦ ፈሶባቸው፣ በልካቸው ተፍቀው ነው የሚሠሩት። ይህን የሚችል ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ካንዴላዎቹን አስፈትታችሁ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ከማለቱ ይልቅ ስድስቱም መቀራረባቸው ነው ዋናው።

3ቱ የሶሌክስ ካርቡራተሮች እኩል ካልተስተካከሉ ሞተሩ ያነክሳል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ አያሳስባችሁም። ዋጋ ለማስቀነስ ግን አንሡት።

የኮታል ካምቢዮ

ብዙዎቹ 135 የኮታል ካምቢዮ አላቸው። ከመሪው ሥር ጣት የምታህል ማንሻ ትወጣለች፤ ማርሽ የሚቀየረው በእሷ ነው። ውስጡ ኤሌክትሮማግኔቶች አሉ። ማንሻዋን ስታንቀሳቅሱ ኤሌክትሪክ ወደ አንዱ ማግኔት ይሄዳል፣ ማግኔቱ ማርሹን ይይዛል። ፍሪሲዮን የምትረግጡት ለመነሳትና ለመቆም ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ያለው ሌላ ማንሻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመርጣል። በዚህ ምክንያት ይህ መኪና ወደ ኋላም 4 ማርሽ አለው።

እንዲህ ፈትኑት። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ይከፈት። ጸጥ በሉ። ማንሻዋን አንድ በአንድ ቦታዋ ላይ አድርጓት። ከሥር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዋ መርፌም ትንሽ ታዘነብላለች። አራቱም ላይ መሆን አለበት። አንዱ ላይ ዝም ካለ ወይ ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይ ካርቦኑ አልቋል፣ ወይ ማግኔቱ ራሱ ተቃጥሏል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀላል ናቸው። ሦስተኛው ካምቢዮ ማውረድ ነው።

በመንገድ ላይ ሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትሉ ሞተሩ ጮኾ መኪናው የማይሄድ ከሆነ ይንሸራተታል። መጀመሪያ ባትሪውንና ዲናሞውን ፈትሹ፤ ኮታል ደካማ ኤሌክትሪክ አይወድም። ባትሪ የሞተበት ኮታል የትም አይሄድም።

መንገድ ላይ

መሪው በቀኝ መሆኑ አያደናግራችሁ። የዚያ ዘመን የፈረንሳይ ውድ መኪናዎች በቀኝ መንገድ እየሄዱ መሪያቸው በቀኝ ነበር። እንዲያውም መሪው ግራ ከሆነ መቼና ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ።

ፍሬኑ የቤንዲክስ ነው፣ በገመድ የሚሠራ፣ የፍሬን ዘይት የለውም። መጀመሪያ ባለቤቱ ይንዱ፣ እናንተ እያያችሁ። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ መሪውን ቀለል አድርጋችሁ ይዛችሁ ፍሬን ያዙ። ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ማስተካከያ ወይም የፍሬን ሸራ ይፈልጋል። የፍሬኑን ከበሮ ስታስከፍቱ አቧራውን በአየር እንዳትነፉት! የድሮ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ ይገድላል።

ባለ ሽቦ ጎማ ከሆነ መኪናው ቆሞ ሽቦዎቹን በማንኪያ አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ። የተወጠረው እንደ ክራር ክር ይጠራል፤ የላላው ድፍን ድምፅ ነው የሚሰጠው። የፊቱን ባሌስትራ ከሥር እዩ፣ ተሰብሮ እንደሆነ። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ዕድሜው 10 ዓመት ካለፈ ይቀየራል፣ ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

ዋጋና ውል

ያገኛችሁትን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከጎኑ የሥራ ዋጋውን። ባለቤቱ ፊት መኪናውን አታንቋሹ። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ከዚህ መኪና ጋር ነው የኖሩት። «ይህ ይህ ሥራ አለበት፣ ይህን ያህል ያወጣል» ብላችሁ ወረቀቱን አሳዩአቸው። ወዳጄ እንዲህ አድርጎ ነው የተስማማው። ሽማግሌው ወረቀቱን አንብበው አንድም ቃል ሳይመልሱ ዋጋውን ራሳቸው ቀነሱለት።

ቀብድ ከከፈላችሁ ውሉ ላይ ምን እንደተባለ አንብቡ። «አር» ከተባለ እንደኛው ቀብድ ነው፦ እናንተ ብትተዉ ይቀራል፣ ሻጩ ቢተዉ እጥፍ ይመልሳሉ። «አኮንት» ከተባለ ግን ግዢው ታሰረ ማለት ነው፣ መመለሻ የለውም። ሁለት ቃል ነው፣ ልዩነቱ ከባድ ነው።

የፈረንሳይ ሕግ ከግለሰብ ስትገዙም ከተደበቀ ጉድለት ይጠብቃችኋል፤ ጉድለቱን ካገኛችሁበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት አላችሁ። ነገር ግን ሻጩ የማያውቁት ጉድለት ከሆነ በውሉ ላይ ይህን ዋስትና ማስቀረት ይችላሉ። ያ ዓረፍተ ነገር ካለ ዋጋው እሱን ይመስል። የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የአካል ሠሪው ስም፣ ሞተሩ የተቀየረ መሆኑ፣ ሁሉም ውሉ ውስጥ ይግባ። ገንዘቡ በባንክ ይተላለፍ። ሻጩ የድሮውን ካርት ግሪዝ ሰርዘው ቀንና ሰዓት ጽፈው ይፈርሙበታል፤ እናንተ በ1 ወር ውስጥ በስማችሁ ታዞራላችሁ።

ከፈረንሳይ ልታወጡት ከሆነ፣ ዕድሜው ከ75 ዓመት በላይ ስለሆነ፣ ዋጋው ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ ካለፈ ከባህል ሚኒስቴር የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ሳይያዝ መኪና አይጫንም። አዲስ አበባ ላስገባው ብላችሁ የምታስቡም አላችሁ፣ አውቃለሁ። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለከለከለች ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።

ወደ ቤት ሲሄድ

ነድታችሁ አትውሰዱት። ምንም ቢያጓጓ። ለዓመታት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ መኪና 300 ኪሎ ሜትር አውራ ጎዳና ላይ አይወጣም። የተሸፈነ ተጎታች ተከራዩ፣ ሻንሲውን እንጂ አካሉን አትሰሩት። ከመጫኑ በፊት ዋጋው በስምምነት የተተመነ መድን ይግባለት።

ከባለቤቱ ስትለያዩ መሳሪያ ሣጥኑን፣ የድሮ ደረሰኞቹን፣ ፎቶዎቹን፣ የተፈታውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ ጠይቁ። ለእሳቸው ቆሻሻ የሆነ ለእናንተ ማስረጃ ነው። ለወዳጄ ሽማግሌው አንድ የጫማ ካርቶን ሰጡት። ውስጡ አባታቸው ሞተሩን የቀየሩበት ደረሰኝ አለ፣ በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተጻፈ፣ የሁለቱም ሞተር ቁጥር ያለበት።

መኪናው አሁን እኛ ጋራዥ ቆሟል። ዘይቱንና ውሃውን ቀይረናል፣ ታንኩን አውርደን ዝገቱን አጥበናል። የግራው በር ምሰሶ ታች በእጅ ሲነካ የሚፈርስ ቦታ ነበረው፤ የበሰበሰውን ብቻ ቆርጠን ያንኑ ዓይነት እንጨት እየቀጠልንበት ነው።